ቀንድ አውጣው ስሙን እንጂ ወንዙን አልቀየረም
በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲሉኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የቀንድ አውጣ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆነን ለመስክ ሥልጠና ጣና አካባቢ ነበርን። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጣፊያው አብጦ መጣ። ሰገራው ሲመረመር ጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል ታየ፤ ሺስቶሶማ ማንሶኒ። ለልጁ ፕራዚኳንቴል ሰጠነው። ለእኔ ደግሞ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሰፈሩ ወንዝ ውስጥ መኖሩን የማጣራት ሥራ ደረሰኝ። የቆዩ ጥናቶችን አገላብጬ «ባዮምፋላሪያ» የሚለውን ስም ፈለግሁ። አጣሁት። «ከዚህ በፊት አልተመዘገበም፤ ልጁ ከሌላ ቦታ ይዞት ሳይመጣ አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቴ ተቀባይነት አገኘ። ወንዙን ያየው ሰው የለም። ልጆቹ በጋውን ሙሉ እዚያው ሲዋኙ ከረሙ።

ስህተቴን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። ከመሳቢያቸው አንድ ያረጀ ወረቀት አወጡ። የዚያው ወንዝ ቀንድ አውጣ ተመዝግቧል፤ ስሙ ግን «ፕላኖርቢስ ሩፔሊ» ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቀንድ አውጣው ስሙን እንጂ ወንዙን አልቀየረም» አሉኝ። እውነትም ሩፔሊ ይባል የነበረው ዛሬ ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ በምንለው ሥር የሚቆጠር ነው።

እልህ ያዘኝና ስለ ስም ክርክር ማንበብ ጀመርኩ። ክርክሩ ሁለት ዓይነት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አንደኛው ስለ ነገሩ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሉዊስ ሳምቦን ጎኑ ላይ እሾህ ያለውን እንቁላል የምትጥለው ትል ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ብሎ በፓትሪክ ማንሰን ስም ሰየማት። ካይሮ ይሠራ የነበረው አርተር ሎስ «የለም፣ ሁሉም አንድ ትል ነው» ብሎ ሞገተ። እ.ኤ.አ. በ1915 ሮበርት ላይፐር ግብፅ ውስጥ ሁለቱ ትሎች የሚያድጉት በተለያዩ ቀንድ አውጣዎች መሆኑን አሳየ። ይህን የፈታው ማስረጃ ነው። ዛሬ ለአንዱ ሰገራ፣ ለሌላው ሽንት የምናዘውም ትሎቹ በእርግጥ ሁለት ስለሆኑ ነው።

ሁለተኛው ስለ መጠሪያው ብቻ ነው። የአፍሪካው ቀንድ አውጣ እ.ኤ.አ. በ1910 ባዮምፋላሪያ የሚል የጂነስ ስም ወጣለት። የደቡብ አሜሪካዎቹ ዘመዶቹ አውስትራሎርቢስና ትሮፒኮርቢስ ይባሉ ነበር። አንድ ጂነስ ናቸው ሲባል ጥያቄ ተነሳ፤ የትኛው ስም ይጽና? የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ ከ1758 ወዲህ ቀድሞ ለታተመው ስም ያደላል። በዚያ ሂሳብ ፕላኖርቢና ወይም ታፊየስ የተባሉት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጡ ስሞች ሊያሸንፉ ነው። ስለ ቢልሃርዝያ የሚጽፈው ሰው ግን ባዮምፋላሪያን ለምዷል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1965 ልዩ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ባዮምፋላሪያ ይቅደም ሲል ወሰነ። ይህን የፈታው ስምምነት ነው።

ከዚያ ውሳኔ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ያንን ለማየት የላቲን ስም አያስፈልግም። ያዩትን ለሌላው ዓለም ለማድረስ ግን ስም የግድ ነው።

በዋርድም ቢሆን ያው ነው። ኒሞሲስቲስ ካሪኒ እያልን የተማርናት ጂሮቬሲ ስትባል ኮትሪሞክሳዞሉ አልተቀየረም። ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች በስም ሲከራከሩ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «የምትለያዩት በበሽታው ነው ወይስ በመጠሪያው?» ብዬ ነው። በበሽታው ከሆነ ምርመራ ይታዘዝ። በመጠሪያው ከሆነ ተስማሙና ታካሚው ይታከም።

መምህሮቻችን፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ተማሪ አዲሱን ስም ሲማር አሮጌውንም አብራችሁ ንገሩት። ሪፖርት ሲጽፍም «አልተመዘገበም» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ስም ፈልገህ ነው?» በሉት። እኔን ይህን የጠየቀኝ ሰው የተገኘው በጋው ካለፈ በኋላ ነው።