ውሻው ምን እያለን ነው? ስለ ውሾች ጠባይና ክፉ ልማዳቸውን በለዘብታ ስለ ማስተው

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሙሉ ተጽፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባ የውሻ ነገር ተነሥቶ እስኪመሽ እንደ ተከራከርን የምትረሱት አይመስለንም። በታችኛው መንገድ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ከአንድ ግቢ በወጣ ውሻ ተነክሷል። ልጁ መርፌውን በሙሉ ተወግቶ ዛሬ ደኅና ነው፤ እናቱም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ከላይ ባሉት ግቢዎች ደግሞ ጩኸቱ እንቅልፍ ነሥቷል። አራስ ያለችበት ቤት አለ፤ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ አለ፤ ጎሕ ሳይቀድ ለሥራ የሚነሣ ሰው አለ። በዚህ ምክንያት አንዳንዶቻችን «መርዝ ይበተንና ይለይልን» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ውሻችንን የነካ በሕግ ይጠየቃል» አልን። ኮሚቴው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ የእንስሳት ሐኪም አማክሮ፣ በየግቢውም እየዞረ ካየ በኋላ ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። ከሚያስቸግሩን ልማዶች የሚበዙት እኛው ሳናውቀው ያስተማርናቸው ናቸው። ያስተማርነውን ደግሞ ያለ ዱላ ማስተው ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቻላል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ሰው ስናወራ እንጠቅሰዋለን፤ ነገር ግን ስለ ውሻው ስለ ራሱም እውነት አለበት። ውሻ የጠቀመውን ይደግማል፣ ያልጠቀመውን ቀስ በቀስ ይተዋል። ጥቅም ስንል ምግብ ብቻ አይደለም። ሰው ዞር ብሎ ካየው፣ በር ከተከፈተለት፣ የፈራው ነገር ከራቀለት፣ ይህ ሁሉ ለእርሱ ደመወዝ ነው። እስቲ ቆራሌው በአጥራችን ሥር ሲያልፍ የሚሆነውን አስቡት። ሰውየው እየተጣራ ይመጣል፤ ውሻው ቆርቆሮውን እየደበደበ ይጮኻል፤ ሰውየው ይሄዳል። የሄደው እኮ መንገዱ ስለሆነ ነው። በውሻው ሂሳብ ግን ጩኸቱ ነው ያባረረው። በየቀኑ እንዲህ እያሸነፈ ታዲያ ለምን ይተው?

በዚህ ነገር ስሙ የገነነው የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። ፓቭሎቭ በሴንት ፒተርስበርግ የምግብ መፈጨትን በውሾች ላይ ያጠና ነበር፤ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ምግብ መምጣቱን የሚያስታውቀውን ምልክት ገና ሲያዩና ሲሰሙ ምራቃቸው መፍሰስ እንደሚጀምር አስተዋለ። ውሻ ነገርን ከነገር ያያይዛል ማለት ነው። ምግብ ከሚያመጣለት ሰው ጋር ደስታን፣ ድንጋይ ከሚወረውርበት ጋር ፍርሃትን ያያይዛል። ልጆቻችን በበሩ ቀዳዳ እንጨት እየሰደዱ ውሻውን ሲነካኩት ከዋሉ፣ ውሻው የሚማረው «ይህ ልጅ ባለጌ ነው» የሚለውን አይደለም፤ «ልጅ ማለት ሕመም ነው» የሚለውን ነው። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠስና ምንም ያላደረገው ልጅ፣ ዳቦውን ይዞ የሚያልፈው፣ የሌላውን ዕዳ ይከፍላል።

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለውን ግን አትመኑ። የሚጮኹም ይናከሳሉ። ከጩኸቱ ይልቅ አካሉን ማየት ይሻላል፤ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከመንከሱ በፊት ይናገራልና። መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል፤ አፍንጫውን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ይህ «እባካችሁ ራቁልኝ» ማለት ነው። ካልተሰማ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ የጀርባው ጸጉር ይቆማል፣ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል። ጭራውን ስለ ቈላ ብቻም ደስ ብሎታል አይባልም። ጭራው ወደ ላይ ተገትሮ በአጭር በአጭሩ ሲንቀሳቀስ መጠንቀቅ ነው፤ ሰውነቱ ልል ብሎ ወገቡን ጭምር እያወዛወዘ ሲቈላ ግን ሰላምታው ነው።

እዚህ ላይ በብርቱ የምናሳስበው ነገር አለ። ውሻ ሲያጉረመርም የሚመቱ ሰዎች አሉ። ማጉረምረም እኮ ማስጠንቀቂያ ነው! ውሻው ዱላ ፈርቶ ማጉረምረሙን ቢተው ፍርሃቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። በኋላ «ድንገት ነከሰ» የሚባለው እንዲህ ያለው ውሻ ነው።

ከሥራ ሲመለሱ ጫማ ተቦጭቆ አግኝተው የሚገርፉም አሉ። «ጥፋቱን ያውቃል፣ ሲያየኝ ይሽኮረመማል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ ፈትናው ነበር። ውሾቹ ያንን የጥፋተኛ ፊት ያሳዩት ባጠፉ ጊዜ ሳይሆን ባለቤታቸው በተቈጣ ጊዜ መሆኑን አገኘች፤ ምንም ያላጠፉት ሲገሠጹም እንዲሁ ሆኑ። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ዱላ ስለ ጫማው ምንም አያስተምርም። የሚያስተምረው የጌታ ወደ ቤት መመለስ አስፈሪ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን እርሱ ነው። ልጁን የነከሰው ውሻ ዓመታትን ሙሉ ከሁለት ሜትር ባነሰ ሰንሰለት ታስሮ የኖረ ነው። ያን ዕለት ሰንሰለቱ ተበጥሶ ወጣ። ብዙዎቻችን ውሻ ታስሮ ሲውል ሌሊት ጥሩ ይጠብቃል ብለን እናምናለን። እስቲ በእርሱ ቦታ ሆነን እናስበው። የፈራ እንስሳ መጀመሪያ የሚመርጠው መሸሽን ነው። መሸሽ ከተከለከለ የቀረው ጥርስ ብቻ ነው። የታሰረ ውሻ የሚመጣበትን ሁሉ ማሽተት አይችል፣ መራቅ አይችል፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ ይውላል፣ ሌሊት ሲፈታ ጅብም ጎረቤትም ቅጠልም ለእርሱ አንድ ይሆኑበታል። ይህ ጥበቃ አይደለም። ጥሩ ጠባቂ ለቤተሰቡ እንግዳ የሆነውንና ያልሆነውን የሚለይ ነው፤ ለመለየት ደግሞ ሰው ማየት አለበት። በደረቅ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚውለውማ ምኑን ይለያል?

ግቢው አጥር ካለው መፍታት ነው። አጥሩ የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ በሁለት ምሰሶ መካከል ጠንካራ ሽቦ ዘርግቶ፣ ቀለበት አስገብቶ፣ ማሰሪያውን ከቀለበቱ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ውሻው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፤ ጥላና ውኃ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። ይህም ቢሆን መፍታትን አይተካም፤ በቀን አንድ ጊዜ ተይዞ መውጣትና ማሽተት ያስፈልገዋል። እንዲህ የደከመ ውሻ ሌሊት ይተኛል፤ እኛም እንተኛለን።

ሚጥሚጣ ማብላት፣ ጆሮ መቁረጥ፣ ቡችላውን በጨለማ መዝጋት «ኃይለኛ ያደርገዋል» የሚሉ አልጠፉም። ጭካኔ ነው፤ ጥቅምም የለውም። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ቡችላዎችን አሳድገው እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምድበት ዋና ጊዜ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ነው። በዚህ ጊዜ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ባለ ጃንጥላ፣ ባለ ከዘራ በደግነት ሲቀርቡት ያላየ ቡችላ አድጎ ሁሉን ይፈራል። ነብሮ እየተባለ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ የሚደበቅ ውሻ በሠፈራችን አለ። (ባለቤቱ ራሳቸውን ያውቃሉ፤ አንጠቅሳቸውም።)

እሺ፣ ልማዱ አንዴ ከገባ በኋላስ? በሩ ሲንኳኳ የማያባራውን ውሻ እንውሰድ። ጮኸ ብለን ስንጮኽበት አብረነው የጮኽን ይመስለዋል። ይልቅ ከሥጋ ቤት የሚገኘውን ሳንባ ቀቅሉና ጥፍር በሚያህል ልክ ቆራርጡት። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ በቀስታ ያንኳኳ። ውሻው ይጮኻል፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ለአፍታ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ስሙን በለሰለሰ ድምፅ ጠርታችሁ ቁራጯን ስጡት። ከደቂቃ በኋላ ከሰጣችሁ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው የከፈላችሁት። መጀመሪያ ለሁለት ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ ለአምስት፣ ከዚያ ለአሥር እያላችሁ ጨምሩ። በቀን አንድ ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ማንኳኳቱንም ቀስ በቀስ ማበርታት ነው። ባለ ከዘራ ሰው ለሚፈራውም መንገዱ ይኸው ነው፤ ሰውየው ውሻው ከማይረበሽበት ርቀት ይቁም፣ ቁራጩ ይሰጠው፣ ርቀቱ በየቀኑ በጥቂቱ ይጠር። ውሻው ከጀመረው ቸኵላችኋልና ወደ ኋላ መለስ በሉ።

ምግብ እየጠየቀ የሚያላዝነው ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሲያላዝን አለመስጠት፣ ዝም ሲል መስጠት ነው። ግን ተጠንቀቁ! መስጠት ባቆማችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይብሳል። ቀድሞ የሚሠራለት ነገር ሲከለከል አጠንክሮ ይሞክራልና። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ በአራተኛው ሌሊት አያት አዝነው ቁራሽ ይወረውራሉ። ውሻውም ረዘም አድርጎ መጮኽ እንደሚያዋጣ ይማራል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛዋም ዘበኛውም፣ በአንድ ቃል ይስማማ፤ ጎረቤትንም «ለጥቂት ሌሊት ታገሡን» ብሎ መንገር ደግ ነው። በሰው ላይ የሚዘልለውን ጀርባ መስጠት፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲነኩ መደባበስ ይበቃል። አጥንት ይዞ የሚያጉረመርመውን ግን በጉልበት አትንጠቁት፤ የበለጠ ነገር ከሩቅ ጣሉለትና ትቶት ሲሄድ አንሡት። ልጆች የሚበላ ውሻ ጋ፣ ቡችላ ያላት ጋም አይጠጉ። ያልታወቀ ውሻ ቢመጣባቸው አይሩጡ፤ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ ዓይኑን ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ውሻ የሐኪም ነው እንጂ የሥልጠና አይደለም። ጆሮው ወይም ጥርሱ ታምሞ ይሆናል፤ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻው ለ10 ቀናት ለብቻው ተይዞ ይታይ፤ የልጁ መርፌ ግን ይህን አይጠብቅም።

መርዙንም የምንቃወመው በዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቋረጣል። መርዝ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ በባዶው ቦታ ደግሞ ከሌላ ሠፈር ያልተከተቡ ይገቡበታል። ቁራሹን ሕፃን ቢያነሣውስ?

የነካሹ ውሻ ባለቤት ከልጁ እናት ጋር በኮሚቴው ፊት ተነጋግረዋል። የሕክምናውን ወጪ ሸፍነዋል፤ ውሻው 10ሩን ቀን በጤና ጨርሶ፣ ተከትቦ፣ አሁን በረጅሙ ሽቦ ላይ ነው። እናትየው ልጃቸው በዚያ መንገድ ለማለፍ ዛሬም እንደሚፈራ ነግረውናል። ለእርሱም ቢሆን የምናውቀው ያንኑ መንገድ ነው፤ ከሩቅ ጀምሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር። ባለቤቱ በሩን ዘግተው ራሳቸው ከልጁ ጋር ለመሄድ ፈቃደኛ ሆነዋል።

ሽቦና ምሰሶ ለሚቸግራቸው ኮሚቴው በጋራ ገዝቶ ያቀርባል፤ የማኅበሩ ወጣቶችም ይተክላሉ። የውሾቻችሁን ብዛትና የተከተቡበትን ቀን በጽሕፈት ቤታችን ባለው ደብተር እስከ ወሩ መጨረሻ አስመዝግቡ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥተው በአንድ ቀን ሁሉንም እንዲከትቡ የምንጠይቀው ቁጥሩን ካወቅን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ። መጀመሪያ ከኋላ በኩል እጃቸውን ላወጡት እናት ዕድል እንሰጣለን።