ጥቂት በጥቂት ስለሚሠራ ፊልም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ተረቱ ግን አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ ይኸውም ዕንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዪቱ ከታቀፈችው ብቻ መሆኑን ነው። ሳይታቀፍ የቆየ ዕንቁላል ይገማል። ዛሬ ካሜራ በየኪሳችን ስላለ ከመካከላችን ብዙዎች የድራማ ፊልም በየዕረፍት ቀኑ እየሠሩ በብዙ ዓመት ለመፈጸም ያስባሉ። ስለዚህ ስለ መታቀፉ እንነጋገር።

መጀመሪያ የሕንዱን ሳትያጂት ራይን እንውሰድ። ራይ በካልካታ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት በሠዓሊነት የሚሠራ ደመወዝተኛ ነበር። «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን ፊልም በ1952 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሲጀምር ሥራውን አልለቀቀም። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ወጣት ሲሆን ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ አንቀሳቅሶ አያውቅም። በመጀመሪያ ሁለት ልጆች በነጭ አበባ ሜዳ ውስጥ ሲሄዱ አነሡ። በሳምንቱ ቢመለሱ አበባውን ከብት ግጦት ቆያቸው፤ ቀሪውንም ለማንሣት አበባው እንደ ገና እስኪያብብ ድረስ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ገንዘቡ ሲያልቅ ራይ በኢንሹራንስ ውሉ ተበደረ፤ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጠ፤ የባለቤቱም ጌጥ መያዣ ሆነ። ሥራው ለብዙ ወራት ከቆመ በኋላ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ፊልሙ በ1955 ተፈጸመ፤ በ1956 በካን ተሸለመ። ራይ ኋላ እንደ ተናገረው ሦስት ነገሮች በተአምር ተርፈውለታል፤ የትንሹ ልጅ ድምፅ አልጎረነነም፣ ልጅቱ አላደገችም፣ ዕድሜያቸው 80 ገደማ የነበረው አሮጊት አልሞቱም። እንግዲህ ጊዜ በነጻ የሚገኝ የሚመስለው ቢኖር ይህን ያስብ፤ ጊዜም ግብሩን ይሰበስባል፤ የሚሰበስበውም ከተዋንያኑ ፊትና ከሜዳው አበባ ነው።

ሁለተኛው ሰው እንደ እኛ ተማሪ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን ፊልም በሎስ አንጀለስ በዋትስ ሰፈር፣ በቅዳሜና እሑድ፣ የሰፈሩን ሰዎች እያሠራ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ አንሥቶ በ1977 ለዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ሥራ አድርጎ አቀረበው። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ለገቡት ዘፈኖች ፈቃድ ስላልነበረው በሲኒማ ቤቶች በይፋ የወጣው በ2007 ነው። ለፈቃዱ የተከፈለው 150,000 ዶላር ፊልሙን ለመሥራት ከፈጀው እጅግ ይበልጣል።

ሦስተኛው የአገራችን ሰው ኃይሌ ገሪማ ነው። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ካወጣ በኋላ አከፋፋዮች ቢያጣ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ ለሕዝብ አሳየ። በ2008 በቬኒስ የተሸለመው «ጤዛ» ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ ነው። ባለሀብት ሳያዝዘው ስለ ሠራ የፊልሙ ሐሳብ የራሱ ሆኖ ቀረ።

ይህን ስል ድህነትን ለማመስገን አይደለም። ተጀምሮ በሣጥን የቀረው ፊልም ስሙ ስለማይጠራ አንቆጥረውም፤ በእርሱም ውስጥ የሌሎች ሰዎች እሑዶች ተቀብረዋል። አዘጋጁ ቢሳካለት ስም ያተርፋል፤ ለዓመታት ያለ ደመወዝ መብራት የተሸከመው ጓደኛው ግን ምን ያገኛል?

ስለዚህ ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር አድርጉ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ድርሻ በጽሑፍ አስፍሩ፤ የዘፈኑን ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ልጆችንና ሽማግሌዎችን የሚመለከተውን ክፍል በቅድሚያ አንሡ። ከዚህም ጋር ዓመቱ ቢረዝም የማይጎዳውን፣ ይልቁንም የተዋንያኑ ማርጀት የሚያጠነክረውን ታሪክ ምረጡ። ይህን ያደረገ ሰው ቢዘገይም ለጓደኞቹ በቀና ዓይን የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል።