የመጀመሪያ ሥራችሁ ላይ የሚጠብቋችሁ ሰዎች

ውድ ተመራቂዎች፤

ስለ ሥራ ፍለጋ እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ሥራው ከተገኘ በኋላ እዚያ ስለምታገኟቸው ታላላቆቻችሁ ማውራት እፈልጋለሁ። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በፋብሪካዎች የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ ነው። አዲስ ምሩቅ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ ሳይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሰው ጋር አለመግባባት እንጂ የዕውቀት ማነስ አልነበረም።

ካለንበት ከአዳማ ሳንርቅ ወንጂን እንውሰድ። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ የተከለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በስኳር ሥራ ፓን የሚባል ትልቅ ማብሰያ አለ፤ ሽሮፑ ፍሬ የሚይዘው እዚያ ውስጥ ነው። ልምድ ያለው አብሳይ ከፓኑ ጥቂት ናሙና ያወጣና መስታወት ላይ ቀብቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከልም ያሸዋል። ፍሬው እኩል እያደገ ነው ወይስ በመሐል አዲስ ደቃቅ እየተፈጠረ ነው? ሽሮፕ ይጨመር ወይስ ጥቂት ይቆይ? ሙቀቱንና ግፊቱን መሣሪያ ይነግራችኋል፤ የጣትን ፍርድ ግን ማኑዋል ላይ ጽፎ መጨረስ አይቻልም። ተማሪው ጎን ለጎን ቆሞ፣ አይቶና ተሳስቶ ነው የሚወርሰው። ከማያከብረው ሰው አጠገብ ደግሞ ማንም ለረጅም ጊዜ አይቆምም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ሬይመንድ ካቴል የአእምሮን አቅም በሁለት ከፍሎ ያየዋል። አንዱ አዲስ ችግርን በፍጥነት የመፍታት አቅም ሲሆን ከወጣትነት በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሌላው እንደ አብሳዩ የጣት ፍርድ በትምህርትና በልምድ የሚከማቸው ነው፤ እሱ ዕድሜ እየገፋም ሊያድግ ይችላል። ቲሞቲ ሶልትሃውስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 72 ዓመት የሆነ ታይፒስቶችን ፈተነ። የአንጋፋዎቹ ጣት ከወጣቶቹ ይዘገያል፤ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ግን በፍጥነት አያንሱም። ምስጢሩ ዓይናቸው ላይ ነበር፤ ከጣታቸው ብዙ ፊደላት ቀድመው የሚመጣውን ያነብባሉ።

በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅርና፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው መካኒክ ነበር። በቱታው ኪስ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በግሪስ የወዛ ደብተር ይይዛል። የትኛው ማሽን መቼ እንደተበላሸ፣ ምን እንደተቀየረለት፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰማ ሁሉ እዚያ ላይ ጽፏል። ወጣቶቹ መሐንዲሶች «ጋሼ» ይሉታል፣ ወንበር ይለቁለታል። ስብሰባ ላይ ግን ሐሳቡን የሚጠይቀው አልነበረም። በሽኝቱ ቀን ጋቢና የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ንግግርም ተደረገ። ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን እኔ ክብር አልለውም። ሰውን ከፍ ባለ ወንበር አስቀምጦ መርሳት ነው።

ጥፋቱ ግን የወጣቶች ብቻ አይደለም። «ትናንት የመጣ ልጅ ሊያስተምረኝ ነው?» እያሉ ዕውቀታቸውን የሚደብቁ አንጋፋዎችንም አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጀርባ ያለው ፍርሃት ነው፤ የማውቀውን ሁሉ ካስተማርኩ ምን እፈለጋለሁ የሚል ፍርሃት። በአገራችን ሕግ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ዓርብ ማታ በሰርቪስ ቤቱ የገባ ሰው፣ ሰኞ ጠዋት ያው ሰርቪስ ሳይቆምለት ያልፋል። የቡና ሰዓት ጓደኞቹ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዕቁብ፣ ስሙን የሚጠራው ዘበኛ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይርቁታል።

እዚህ ኦሮሚያ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት እናውቃለን። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ባሰፈረው የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። ያስረከበው ግን አይጣልም፤ ዩባ ሆኖ ተተኪዎቹን ያማክራል። መሥሪያ ቤቶቻችን ርክክቡን ወስደው የዩባን ቦታ ትተውታል።

ለኃላፊዎች አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን ዲንጎልፊንግ ፋብሪካው አንጋፋዎች የሚበዙበትን አንድ የምርት መስመር ሠራተኞቹን እየጠየቀ አሻሻለ። ወለሉ በእንጨት ተሸፈነ፣ ወንበር ገባ፣ አጉሊ መነጽር ተጨመረ። ወደ 70 የሚሆኑ ጥቃቅን ለውጦች 40,000 ዩሮ ያህል ፈጁ፤ ምርታማነቱ በአንድ ዓመት በ7 በመቶ አደገ። ይህ ለአዳማም ሆነ ለሞጆ ፋብሪካ የማይደረስበት ወጪ አይመስለኝም። መጀመሪያ የሚፈለገው ሠራተኛውን መጠየቅ ነው።

ውድ ተመራቂዎች፤ ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት እዚያ ቤት ረጅም ዘመን ያገለገለውን ሰው ፈልጉ። በቡና ሰዓት አጠገቡ ተቀመጡ። ምን ሲበላሽ እንዳየ፣ እንዴት እንደተጠገነ ጠይቁት፤ ጻፉትም። እሱ የማይችለውን ኮምፒውተር አሳዩት፤ ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው። ኃላፊዎችም፣ ሠራተኛችሁ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ተተኪውን አጠገቡ መድቡለት፤ ከወጣም በኋላ ለምክር ጥሩት።