ከቻንዲጋር እስከ ሐራጅ ቤት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ወንበር ነው። «ወንበር ደግሞ ንግግር ይደረግበታልን?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ነገር ግን አንድ መንግሥት ለተማሪዎቹና ለጸሐፊዎቹ ያሠራው ወንበር፣ ቆይቶ በፓሪስና በኒው ዮርክ ሐራጅ ቤቶች በብዙ ሺሕ ዶላር ሲሸጥ ስናይ፣ ጉዳዩ የእንጨት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተፈጸመው በሕንድ አገር ነው። በ1947 ሕንድ ነጻነቷን አግኝታ ለሁለት ስትከፈል፣ የፑንጃብ ዋና ከተማ ላሆር ለፓኪስታን ደረሰች። ስለዚህ በሕንድ በኩል ለቀረው ፑንጃብ አዲስ ዋና ከተማ ማቆም ግድ ሆነ፤ ስሟም ቻንዲጋር ተባለ። የከተማዋን ዕቅድና ታላላቅ ሕንጻዎች የነደፈው ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ነው። እርሱ እየተመላለሰ ሲሠራ፣ ዘመዱና የሥራ ጓደኛው ስዊሳዊው ፒየር ዣንረ ግን ከ1951 ጀምሮ እስከ 1965 ድረስ እዚያው ተቀምጦ ሥራውን መራ። በ1967 በጄኔቭ ሲሞት እንኳ፣ አመዱ በኋላ ተመልሶ በቻንዲጋር ሐይቅ ላይ ተበተነ።

አዲስ ከተማ ሲቆም ፍርድ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም መቀመጫ ይሻል። ዣንረ ከሕንዳውያን ባልደረቦቹ ጋራ፣ ከነርሱም አንዷ ሴቲቱ አርክቴክት ዩሊ ቾውዱሪ ነበረች፣ በአገሩ የሚገኘውን የቲክ እንጨትና የሐረግ ልጥ ተጠቅሞ፣ የአገሩ አናጢዎች በእጃቸው ሊሠሩት የሚችሉትን ቀላልና ጠንካራ ዕቃ ነደፈ። እግሮቹ እንደ ተከፈተ መቀስ የቆሙት ወንበር የታወቀው ከዚህ ነው። ዕቃው የተሠራው ለባለጠጋ ሳሎን ሳይሆን ለሕዝብ አገልግሎት ነበር።

ዓመታት አለፉ። ልጡ ተበጠሰ፤ እንጨቱ ጠቈረ። የብረትና የፕላስቲክ ወንበር ገባ፤ አሮጌው በየጣራውና በየግቢው ጥግ ተከመረ። መሥሪያ ቤቶቹም የተከመረውን እንደ ውራጅ በሐራጅ ሸጡት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የውጭ አገር ነጋዴዎች ደርሰው ከዚህ ክምር ገዙ፤ አጠቡት፤ ጠገኑት፤ ወደ አገራቸው ጭነው ወሰዱት። በየወንበሩ ጀርባ በቀለም የተጻፈው የመሥሪያ ቤት ስምና ቍጥር፣ ዕቃው እንዳይጠፋ ሲባል የተደረገ የንብረት ምልክት ነበር። ዛሬ ያው ምልክት በሐራጅ ቤት የእውነተኛነቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የሕዝብ ንብረት መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ የግል ዋጋውን ያስወድደዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን እንፈልጋለን። የሐራጅ ሥራ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በ2009 በፓሪስ የአርክቴክቷ የአይሊን ግሬይ አንድ የዘንዶ ምስል ያለበት ወንበር 21.9 ሚሊዮን ዩሮ ሲሸጥ፣ ማንም ተበደልሁ አላለም። መጀመሪያውኑ ለግል ቤት የተሠራ፣ ከግል እጅ ወደ ግል እጅ የዞረ ዕቃ ነበርና። የቻንዲጋሩ ወንበር ግን የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ነው።

ነጋዴዎቹ የሚሉትም አላቸው። «በሕግ ገዛን፤ ደረሰኝ አለን፤ እኛ ባንደርስ የማገዶ እንጨት ይሆን ነበር፤ ዋጋውን ያሳወቅናችሁ እኛ ነን» ይላሉ። ይህ ቃል ግማሽ እውነት አለበትና በቍጣ ብቻ የሚመለስ አይደለም። ሻጩ ራሱ ባለቤቱ ስለ ነበረ ሌብነት ልንለው አንችልም። ሆኖም ዐዋቂው ገዥ ዝም ብሎ፣ የማያውቀው ሻጭ በርካሽ የሰጠበት ገበያ ሕጋዊ ቢሆንም የተስተካከለ ገበያ ነው አንልም።

ሕጉስ ምን አለ? የ1970 የዩኔስኮ ስምምነት በጠቀሰው ዝርዝር የቤት ዕቃ የሚገባው ከ100 ዓመት በላይ ሲሆነው ነው። የሕንድ የ1972 የቅርስ ሕግም ለእንዲህ ያለው ዕቃ 100 ዓመት ይጠይቃል። የቻንዲጋር ወንበር ግን ገና የሰው ዕድሜ ያህል ነው። ስለዚህ የሕንድ ባለሥልጣኖች ሐራጁ እንዲቆም ደጋግመው ቢጠይቁም ሽያጩ ቀጠለ። በ2011 የሕንድ መንግሥት ዕቃው እንዳይሸጥና ከአገር እንዳይወጣ አዘዘ። በ2016 የከተማዋ የመንግሥት ሕንጻዎች ክፍል በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሕንጻው ክብር ሲያገኝ ከውስጡ ብዙው መቀመጫ ወጥቶ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሕግ የሚጠብቀው ያረጀውን ነው፤ ገበያ የሚፈልገው ብርቅ የሆነውን ነው። በመካከል ያለውን፣ ገና በማገልገል ላይ ያለውን ዕቃ የሚጠብቀው የሚገለገልበት ሰው ብቻ ነው። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ማንኛውም የሕዝብ ተቋም አሮጌ ዕቃውን ለቈራሌው ከመስጠቱ በፊት፣ ማን ነደፈው፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በመዝገብ ያስፍር። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ፣ የሚጠይቅም ተማሪ ይበቃል። የቻንዲጋር ወንበሮች ዋጋ በመጀመሪያ የተጻፈው በሐራጅ ቤት ካታሎግ ሳይሆን በራሳቸው ተቋም መዝገብ ቢሆን ኖሮ፣ ተማሪዎቹ ዛሬም ተቀምጠው ይማሩባቸው ነበር።