ከባለቤቱ ጋራ የሚደረግ ምርምር



ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ደቻቱን ያውቃል። ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ይህ ወንዝ በአብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ሰውም ከብትም ያለ ሥጋት ይሻገርበታል። ነገር ግን ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሌሊት፣ በደጋው የጣለው ዝናም በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ጠርጎ ወሰደ።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው ከዚህ ጥፋት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ለተመራማሪዎቹ የምርምር ጥያቄ ከደጃቸው አልራቀም። ዳሩ ግን ምርምሩ ከማን ጋራ ይደረግ? የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

የተለመደው አሠራር የታወቀ ነው። ተመራማሪው አስቀድሞ ያዘጋጀውን መጠይቅ ይዞ ይመጣል፤ ነዋሪው ይመልሳል፤ ውጤቱን ግን መላሹ ከቶ አያየውም። በውነቱ የዝናሙን መጠንና የመሬቱን ተዳፋትነት መለካት የባለሙያው ድርሻ ነው። ውሃው አስቀድሞ በየትኛው ጉድባ እንደሚገባ፣ በየትኛው ቤት መነሣት የማይችል ሽማግሌ እንዳለ፣ በሌሊት የማንን ድምፅ ሰምቶ ሰፈሩ እንደሚነሣ የሚያውቀው ግን የወንዙ ዳር ነዋሪ ነው። ደግሞም ደኑ ሲመነጠርና ከተማው ሲሰፋ የወንዙ ጠባይ ስለሚለወጥ፣ የነዋሪው የቀድሞ ልምድ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሁለቱ ዕውቀቶች አንዱ ለሌላው ያስፈልጋሉ።

በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማርተው አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር። ያ አገልግሎት የተማረውን ወደ ሕዝቡ አቀረበ። ዛሬ የሚፈለገው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ ይኸውም ጥያቄውን ራሱን ከሕዝቡ ጋራ ማውጣት ነው።

ይህም ሥልጠና ይሻል። ወጣቱ ተመራማሪ ከመጠየቁ በፊት ማዳመጥን ይማር፤ በከተማው ከሚነገሩት ከኦሮምኛና ከሱማልኛ ቢያንስ በአንዱ መግባባትን ይልመድ። የዝናሙንና የጎርፉን መዝገብ ነዋሪው ራሱ እንዲይዝ ያለማምደው፤ ለደከመበትም ጊዜ ዋጋ ይስጠው፤ ስሙንም፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ በሥራው ላይ ያስፍርለት። በመጨረሻም ውጤቱን በሰፈሩ ሸንጎ ፊት በሕዝቡ ቋንቋ ያንብብ፤ ተሳስተሃል ቢባልም ሳይቀየም ያርም። መምህራኑም ይህን ሁሉ እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ ዋና ትምህርት ቆጥረው ማርክ ይስጡበት።

እናንተም በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ድርሻ አላችሁ። ተመራማሪ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ፣ ጥሩ ይመልሳሉ ያላችኋቸውን ጥቂት ሰዎች ብቻ መርጣችሁ አትስጡት። ጎርፉ አስቀድሞ የሚገባበትን ቤት አሳዩት። ጥናቱ ሲያልቅም በመዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ሳይሆን፣ ለሰፈሩ እንዲመለስ ጠይቁ።

ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ደቻቱ ወደፊትም ይሞላል፤ በዚያች ሌሊት ሰው የሚድነው ባለሙያውና ነዋሪው አስቀድመው ተማክረው እንደ ሆነ ነው።