መስኮቱን ያልዘጋው የመንግሥት ሠራተኛ

የዕለቱ ሙሽሮች የጤና ተመራቂዎች፤

ስለ ሥራ ፈጠራና ስለ አገር ተረካቢነት ከትልቁ መድረክ ይነገራችኋል። የግቢ ጉባኤው ልጆች ግን እኔን ሲጋብዙ፣ «በነርስነት ብዙ ዘመን አገልግለዋልና ስለ ጸሎት ይንገሩን» አሉኝ። ሰባኪ አይደለሁም፤ ሰባኪዎቹ እዚሁ ተቀምጠዋል። እኔ የማውቀው የተረኛን ሌሊት ነው። ስለዚህ ጸሎት እንዴት እንደሚጀመር ለእነሱ ትቼ፣ ሰው ሥራ ከያዘ በኋላ ሳያቋርጥ እንዴት እንደሚዘልቅ እናገራለሁ።

እስከ ዛሬ ጉባኤው ይዟችሁ ቆይቷል። የዶርም በር አንኳኩቶ «ኪዳን እያመለጠን ነው» የሚል ጓደኛ ነበራችሁ። የፈተና ሰሞን ቅጥረ ቤተ ክርስቲያኑ በተማሪ ለምን እንደሚሞላ፣ ውጤት ከተለጠፈ በኋላም ለምን እንደሚሳሳ ሁላችንም እናውቃለን። አትሣቁ፤ ወላጆቻችሁም ያውቁታል። በጭንቅ ቀን ወደ እግዚአብሔር መሮጥ ነውር የለበትም። ችግሩ ጭንቁ ሲያልፍ ጸሎቱም አብሮ መሄዱ ነው። ምደባ ሲወጣ ደግሞ በር የሚያንኳኳው ጓደኛ አይኖርም። ያን ጊዜ የሚያስነሣችሁ አስቀድማችሁ የያዛችሁት ሰዓት ብቻ ነው።

ነቢዩ ዳንኤልን ስናስብ ቶሎ ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ እንሮጣለን። እኔ ከጉድጓዱ በፊት ያለውን እወደዋለሁ። ዳንኤል በዛሬ አነጋገር ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ በ120 ሹማምንት ላይ ከተሾሙት ሦስት አለቆች አንዱ። ባልንጀሮቹ ቀንተው ሊከሱት ፋይሉን ቢያገላብጡ በሥራው ጉድለት አጡበት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። በአደራው አልታማም፣ ሥራ አልበደለም። ሊይዙት የቻሉት በአምላኩ ሕግ በኩል፣ በሚጸልይበት ሰዓት ነው። ሰዓቱ የታወቀ ነበረና፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእልፍኙ፣ መስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም እንደተከፈተ።

ከንጉሡ በቀር ማንንም አትለምኑ የሚለው አዋጅ የወጣው ለ30 ቀን ብቻ ነበር። 30 ቀን ምን አላት? መስኮቱን ዘግቶ በልቡ መጸለይ ይችል ነበር፤ እኛ ብንሆን «እግዚአብሔር ልብን ያያል» ብለን እናልፋት ነበር። እሱ ግን አዋጁ መጽደቁን ካወቀ በኋላ ቤቱ ገብቶ ድሮ ያደርገው የነበረውን አደረገ። ለዚያ ቀን ብሎ የጀመረው አዲስ ጸሎት፣ የያዘው ልዩ ሱባኤ የለም። በወጣትነቱ ተማርኮ ባቢሎን ከገባ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፊቱን የሚያዞርበት ቤተ መቅደስም በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፈርሶ ከቀረ ቆይቷል። ወደ ፍርስራሽ ዞሮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ያን ሁሉ ዘመን! በአንበሶቹ ፊት የታየው ድፍረት ማንም ልብ ባላለው ተራ ቀን የተጠራቀመ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ሰዓት ሠርታልናለች፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ በስድስት ሰዓት ጌታችን ተሰቀለ፤ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን ሰጠ። የእኛ ሰዓት ከመጽሐፉ አቆጣጠር ጋር ስለሚገጥም ስሌት እንኳ አያስቸግረንም። ሰባቱንም ቁሙ ልላችሁ ግን አልደፍርም። ሦስት ሰዓት ላይ ራውንድ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍሉ መግቢያ የለውም። ጠዋትና ማታ የዘወትር ጸሎቱን ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም ጋር ያዙ፤ በመካከሉ ከክፍል ክፍል ስትሄዱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አድርሱ። ይህንንም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማክራችሁ ወስኑት። ብዙ ይዞ በሳምንቱ የሚጥለውን ሰው አይቻለሁ።

«ልቤ ሳይነሣሣ ብጸልይ ግብዝነት አይሆንብኝም?» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። እናንተ የጤና ባለሙያዎች ናችሁ፤ በየስድስት ሰዓቱ የታዘዘ መድኃኒት ሕመምተኛው ዛሬ ቀለል ብሎኛል ስላለ ይዘለላል? ሰዓቱ ከደረሰ ይሰጣል። አንድ ቃል መደጋገም የሚሰለቸው ካለ ደግሞ ጌቴሴማኒን ይመልከት። ጌታችን ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደ ደገመ ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል። እንድታልፍ የለመናት ጽዋም አላለፈችም። አጥብቀን ከለመንን እኛ ባልነው መንገድ ይሰጠናል የሚሉ ሰባክያን ይህችን ሌሊት እንዴት አድርገው እንደሚያልፏት ይገርመኛል። ደቀ መዛሙርቱ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር፤ ተረኛ ሆኖ ለሚያድር ሰው ያ እንቅልፍ እንግዳው አይደለም።

በሌሊት ተረኝነት ካየኋቸው አስታማሚዎች አንዲት እናት ከዓይኔ አይጠፉም። ልጃቸው ራሱን ስቶ ተኝቷል። እሳቸው በአልጋውና በግድግዳው መካከል ካርቶን አንጥፈው፣ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው፣ ከኮሪደሩ በሚገባው ብርሃን ይደግማሉ። መርፌ ልሰጥ ስገባ ጣታቸውን የደረሱበት መስመር ላይ አድርገው ብድግ ይላሉ፤ ልጁን አብረውኝ ያገላብጣሉ፣ አንሶላውን ይስባሉ፣ የሽንቱ ከረጢት መሙላቱን ይነግሩኛል። ስወጣ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። አንድ ሌሊት «እማማ፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ እንጂ» ብላቸው፣ «የዛሬውን ሳልጨርስ፣ ልጄ?» አሉኝ። የዛሬውን ነው ያሉት፤ ዳዊት ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ እንደሚደገም ታውቃላችሁ። ልጁ ዳነ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሪፈር ተጽፎለት ሄደ፤ መጨረሻውን አላየሁም። ያየሁት፣ ሊወስዱት ቃሬዛው ሲመጣ እናቱ ዳዊቱን ማኅደሩ ውስጥ ከትተው ትከሻቸው ላይ ሲያንጠለጥሉት ነው።

እሳቸው መርፌ ሲመጣ ጸሎቱን አቁመው እንደተነሡ ልብ በሉ። ጉሉኮሱ አልቆ ደም በቱቦው ወደ ላይ እየወጣ ዳዊት የሚደግም ነርስ ከዳንኤል ወገን አይደለም። ሕመምተኛው እየጠራ፣ አለቃው እየፈለገው «ጸሎት ላይ ነበርኩ» የሚል ሰው ለከሳሾቹ ሥራ ያቀልላቸዋል።

ምደባችሁ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያው ቀን ማደሪያችሁን ብቻ አትጠይቁ፤ ቅርቡ ቤተ ክርስቲያን የት እንደሆነም ጠይቁ። የተረኝነት ፕሮግራሙ በየወሩ ይቀያየራልና የጸሎት ሰዓታችሁን ከሱ ጋር እያያችሁ አስተካክሉ። ሌሊት ያደረ ሰው ርክክቡን ጨርሶ፣ ጋውኑን ሰቅሎ፣ አልጋው ላይ ጎኑን ሳያሳርፍ የጠዋቱን ያድርስ። የቀን ተረኛው ከቤት ሳይወጣ።