ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ፦ ስለ አንድ መዝገብ መሻገር
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በመዝገብ ቤት ሥራ ያረጀ ሰው ስለ ሽቦ ምን ሊናገር ተነሣ የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገሩ ግን የሰው እንጀራ ያለበት ስለሆነ ጥቂት ጊዜያችሁን እሻለሁ።

አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የአገልግሎት ዘመን መዝገብ በአማርኛ ያስቀመጠው ዶስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒዩተር ነበር። ወረቀቱ በዝናብ ስለ ተበላሸ፣ ጡረታ ለሚጠይቅ ሠራተኛ ማስረጃው በዚያ መሣሪያ ውስጥ ብቻ ቀረ። የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያው ተሰብሯል፤ የቀረው መውጫ በጀርባው ያለው ባለ 9 እግር ሲሪያል ፖርት ነው። አዲሱ ኮምፒዩተር ይህ ፖርት ስላልነበረው በዩኤስቢ የሚሰካ መለወጫ ተገዛለት።

የአንዱ አፍ ለሌላው ጆሮ እንዲሆን፣ የገመዱ 2ኛና 3ኛ እግሮች ተመሳቅለው ይታሰራሉ፤ 5ኛው ከ5ኛው ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በእነዚህ ሦስት ሽቦዎች ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር። ዶስ ግን ከወዲያ ማዶ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ካላገኘ አንድ ፊደል እንኳ አይልክም። ስለዚህ በአሮጌው በኩል 7ኛውን ከ8ኛው፣ 4ኛውን ከ6ኛው አጣምረን ምልክቱን ራሱ ለራሱ እንዲሰጥ አደረግነው። ማታለል ነው ካላችሁ፣ አዎን፣ ማታለል ነው።

ልዩ ፕሮግራም አላስፈለገንም። የዶስ የ«ሞድ» ትእዛዝ ፍጥነቱን ይወስናል፤ የ«ኮፒ» ትእዛዝ ፋይሉን ወደ ፖርቱ ይልካል (የ«ቢ» ምልክት ካልታከለበት ግን 26 ቁጥርን ሲያገኝ ፋይሉ ያለቀ ይመስለዋል)። በሴኮንድ 9600 ቢት ሲላክ፣ ለአንድ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚያስፈልግ፣ 960 ባይት ያልፋል። 20 ሜጋባይት የሞላ ዲስክ 6 ሰዓት ያህል ያስቀምጣል ማለት ነው።

ፋይሎቹ ደረሱ። የባይቱ ብዛት በሁለቱም በኩል ተቈጥሮ ልክ ሆነ። በማግሥቱም ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው አሮጌውን መሣሪያ ሊወስድ መጣ። አንድ ፋይል ከፍቼ ሳላይ አላስረክብም ብዬ አስቸገርሁ። ብከፍተው ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደልና ነጥብ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

አዲሱ መሣሪያ የአማርኛውን ፊደል ቅርጽ ስለሌለው ነው ብለን ተጽናንተን ነበር። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የ«ሞድ» ትእዛዝ ሌላ ካልተነገረው በቀር የሚልከው 7 ቢት ብቻ ነው፤ እኛም አዲሱን በዚያው ልክ አስተካክለነዋል። ከ127 በላይ የሆነው ቁጥር ሁሉ 8ኛ ቢቱን መንገድ ላይ ጣለ። 193 የነበረው 65 ሆኗል፤ ከጥንቱ 65 የሚለየው ምንም የለም፤ ስለዚህ በጥበብ ሊመለስ አይችልም። አሮጌው መሣሪያ በዚያ ጠዋት ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የብዙ ሰው ዘመን አብሮት ይሄድ ነበር። ኮሚቴው ቀን ሰጠንና በ8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ እንደገና ላክነው።

አሁንም አማርኛ አልሆነም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። አንድ ባይት የሚይዘው 256 ቁጥር ነው፤ 33ቱ ፊደሎች በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ላቲኑ ገና አልተቈጠሩም። ስለዚህ ሁሉም እንደ መሰለው አብቃቃ። እኛም በአሮጌው ፕሮግራም መላውን ፊደል በተራ ጽፈን፣ አንዱን ቅጂ በዶት ማትሪክስ አተምን፣ ሌላውን በገመዱ ላክን፤ ከዚያም ቁጥሩን ከፊደሉ አንጻር አስቀምጠን የመለወጫ ሠንጠረዥ አወጣን።

ፕሮግራሙን የጻፈልን ወጣት «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ኀ»ንና «ሐ»ን በ«ሀ» ላጠቃልል ብሎ ነበር። እንቢ አልሁ። የሰው ስም በመዝገቡ እንደ ተጻፈ መቆየት አለበት፤ በጡረታው መስኮት የሚጠየቀው በዚያ ነውና።

ከየፋይሉ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ከሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን አንብበን ስንጨርስ ለኮሚቴው ፈረምን። ገመዱን ግን አላስረከብሁም፤ ከእኔ ዘንድ ነው፤ የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር መጥቶ ይዋሰኝ።